ጨው የማይበላው ብየዳ

የዚያን ዕለት በግቢያችን ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ ልጥራ፤ የሚረሳ እንዳይኖር። ባለቤቴ ሞላ ነበር፤ ከጥዱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ የብየዳ ጭንብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። ከፋብሪካ የመጣው ኢንጂነር ዮናስ ነበር፤ የሐረር ልጅ ነው፣ የደብረ ታቦር ብርድ ስላልቻለው በካፖርቱ ላይ የሞላን ጋቢ ደርቧል። ሾፌሩ ጋሽ ታደለ ከናፍጣው ሞተር አጠገብ ቆሟል። ትንሿ ልጄ ጥሩዬ ከእግሬ ሥር አትጠፋም፤ ያን ጊዜ ገና የወተት ጥርሷን የምትነቅል ነበረች። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ይመር ቆየት ብሎ መጣ። እኔ ነበርሁ። የበኩር ልጄ ደሳለኝም ነበር፤ እሱ ግን አይታይም። ከጭነት መኪና አውርደው በግቢያችን መካከል ባስቀመጡት የአሲድ ታንከር ውስጥ ነበር።

ይህን የቀሰቀሰብኝ ተከራዬ ነው። አዲስ በሚሠራ የወተት ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ሆኖ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው። ባለፈው ሰሞን ዝናቡ ድንገት ሲወርድ በረንዳ ላይ የተወው ካርቶን ሊረጥብበት ሆነ፤ ሮጬ አነሣሁና ወደ ማድ ቤት አገባሁለት። ማታ ሲመለስ ደነገጠ።

«እማማ፣ ካርቶኔስ?»

«ምድጃው ዳር ነው። እርጥበት ነክቶት ከሆነ እንዲደርቅ ብዬ ነው።»

«ምን እንደሆነ አወቁት?»

«የኒኬል ኤሌክትሮድ አይደለም? ክብደቱ ይናገራል እኮ።»

ልጁ ሳቀ። «እማማ ድሮ በያጅ ነበሩ እንዴ?»

«የበያጅ እናት ነኝ» አልሁት። እሱ ራቱን ሲበላ እኔ ምድጃው ዳር ቁጭ ብዬ ግራጫ ልብስ የለበሱትን የብየዳ ዘንጎች ሳይ አመሸሁ።

ያን ዘመን በዓመተ ምሕረት አልጠራውም። እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የማስታውሰውም በዋጋና በልብስ ነው። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በካርድ ነበር፤ ሰልፉ ከሱቁ በር ተነሥቶ የወፍጮ ቤቱን ጥግ ይዞራል፤ ተራችን ሳይደርስ «አለቀ» ስንባል ስቀን የምንመለስበት ጊዜ ነበር፣ አልቅሰን የምንመለስበትም ነበር። ለፋሲካ ደህና ሙክት በሃምሳ ብር ይገኛል። ከአንበሳሜ በአህያ የሚመጣውን ነጭ ጤፍ፣ ከሐሙሲት በኩል የሚመጣውን ሽንኩርት፣ ነጋዴዎቹን በስም እየጠራን ነው የምንገዛው። ወንዶች ልጆች ኮሌታው እንደ ክንፍ የተዘረጋ የቴትሮን ሸሚዝ፣ ከታች የሚሰፋ ሱሪ፣ ከሱሪው ሥር ግን ኮንጎ ጫማ ነበር የሚያደርጉት። ሻይ ቤቱ ጥግ ላይ እየተደገፉ ቆመው ልጃገረድ ስታልፍ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘፍናሉ። ከአደባባዩ የድምፅ ማጉያ ደግሞ የሰልፍ መዝሙር ይለቀቃል፤ ሁለቱ ዜማ መንገድ ላይ ይጋጫል። አሁን ያ ጥግ የሞባይል ሱቅ ሆኗል። ባለፍሁ ቁጥር ቆም እላለሁ፤ ሻጩ ልጅ «ምን ልርዳዎት እናቴ?» ይለኛል፤ «ምንም» ብዬ አልፋለሁ። ምክንያቱም ያ ጥግ በኋላ ጭር ማለት ጀመረ። በገበያ ቀን መኪና ይቆማል፤ ወጣቱ ለጦር ሜዳ ይታፈሳል፤ ማታ የሚዘፍነው ይቀንሳል። ቀስ በቀስ የሚደገፈው ሰው ያጣው ግድግዳ ብቻውን ቀረ።

እኔ ከዚያ ጥግ ደሳለኝን ቀድሜ አነሣሁት። ክረምቱን በሙሉ፣ በጋውንም፣ ከግቢ አልወጣም። ከጎታው ጀርባ፣ በግድግዳውና በእህሉ መካከል፣ ቁርበት አንጥፌለት ነበር የሚውለው። ሰው ሲመጣ ወደዚያ ይገባል፤ እህሉ እያነሰ ሲሄድ ጎታው ቢንኳኳ ባዶ ሆኖ ይጮህ ይሆን ብዬ እጨነቅ ነበር። ጎረቤት ስለ እሱ ሲጠይቀኝ «አጎቱ ዘንድ ነው» እላለሁ፤ ምግብ ሳቀርብ እንኳ ሳህኑ እንዳይበዛ ከጥሩዬ ጋር በአንድ ነበር የማቀርብለት። ቡሄ መጥቶ ጅራፉ ከየኮረብታው ሲጮህ፣ እሱ ከጎታው ጀርባ ሆኖ የማን ጅራፍ እንደሆነ በድምፁ እየለየ ይነግረኛል። «ይሄ የዳኛቸው ነው፤ አሁንም አልተማረም» ይላል። እስቃለሁ። ሌላውን እየሰማ እሱ ግን ትንፋሹን እንኳ እንዳያሰማ የምለምነው እኔ ነኝ።

ሞላ የጋፋት ልጅ ነው። ሲያገባኝ ዘመዶቼ «ከብረት ሠሪ ቤት ልትገቢ?» ብለው ስንት ነገር አሉኝ፤ ዓይኑ ይበላል፣ ሰው ይጎዳል አሉ። ዓይን የተበላው እሱ ራሱ ሆነ። በወጣትነቱ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወርዶ፣ የጨው ውኃ እያፈሉ የሚጠጣ ውኃ በሚያወጡበት ቦታ ብየዳ ሠርቷል። ባሕሩ ብረት ይበላል ይል ነበር፤ አሲድም እንደዚሁ ነው፤ በተራ ኤሌክትሮድ የተበየደውን እንደ ስኳር ያሟሟዋል፤ ኒኬሉ ግን ይችለዋል። የብየዳው ብርሃን ዓይኑን ሲያደክመው ወደ አገሩ ተመለሰ። በግቢያችን ውስጥ በር፣ መስኮትና የማረሻ ጫፍ ለመበየድ ያን ያህል ዓይን አይጠይቅም፤ የቀረውን ደሳለኝ ያደርገዋል። ልጁ ከአባቱ የበለጠ እጅ ነበረው። እናቱ ስለሆንሁ አይደለም፤ ሞላ ነው ያለው፣ በጣቱ ብየዳውን እየዳበሰ።

ኢንጂነር ዮናስ የሰማው ስለ ሞላ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ የአሲዱ ታንከር ተሰንጥቋል፤ በያጆቹ ግማሾቹ ዘምተዋል፤ ከውጭ የሚመጣ አዲስ ታንከር የለም። በእጁ የነበረው አንድ ፓኬት የኒኬል ኤሌክትሮድ ነው፤ ሌላ ከየትም አይገኝም አለ። መጀመሪያ ስለ ደሳለኝ ልንነግረው ፈራን። ሞላ ግን ዓይኑ የት እንደ ደረሰ መደበቅ አልቻለም። ሲነግረው ሰውየው ወደ እኔ ዞረ።

«እናቴ፣ ይህን ሥራ ከሠራልን በቋሚነት አስቀጥረዋለሁ። ለፋብሪካው አስፈላጊ ሠራተኛ ነው የሚል ወረቀት ይጻፍለታል። ያ ወረቀት ያለውን ልጅ አይነኩትም።»

እኔ ከዚያ በፊት ስለ ወረቀት እንዲህ ጓጉቼ አላውቅም። ደሳለኝ በቀን ብርሃን በመንገድ ሲሄድ ታየኝ።

ኒኬል ንጽሕና ይወዳል። ቅባት፣ ቀለም፣ ጭቃ የነካው እንደሆነ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከራሴ ላይ ቅቤውን በእንዶድ አጥቤ አወጣሁት፤ ያን ሰሞን ቅቤ አልቀባሁም። ጎረቤቶቼ ፀጉሬን አይተው «ማን ሞተብሽ?» አሉኝ። ታንከሩ በአመድ ውኃ ታጠበ፤ ስንጥቁን ደግሞ ደሳለኝ በአረቄ ወለወለው። ጋሽ ታደለ የአረቄውን ጠርሙስ እያየ «እኛ ስንጠማ ብረት ይጠጣል!» ሲል አስቆናል። ኤሌክትሮዱን እኔ ነበር የያዝሁት። በሸክላ ድስት ውስጥ ከፍም ዳር አስቀምጬ፣ ጉም እንዳይነካው ከድኜ፣ አንድ አንዱን በደረቅ ጨርቅ አወጣለሁ። አሲዱ የሚነካው የውስጡን ገጽ ስለሆነ የሚበየደው ከውስጥ ነበር። ደሳለኝ በጠባቡ አፍ ገባ። አፉን ወደ ጓሮው አጥር አዙረነዋል፤ ሰማያዊው ብርሃን ወደ መንገድ አይወጣም። ሞላ በውጭ ጭንብሉን አድርጎ ለሚያልፈው ሁሉ በያጅ መስሎ ይታያል። ሞተሩ ሲጮህ፣ ልጄ ሲሠራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መደበቂያውና ሥራው አንድ ቦታ ሆኑለት አልሁ። ኤሌክትሮድ ሲጨርስ እጁ ብቻ ይወጣል፤ ትኩሱን አቀብለዋለሁ፤ ጣቱን ጨብጬ እለቀዋለሁ።

ጓድ ይመር በበሩ ሲገባ ታደለ ደንግጦ ሞተሩን አጠፋው። ያን ጊዜ የወረደው ጸጥታ አሁንም በጆሮዬ አለ።

«እንዴት ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ሞላ። «ጓድ ይመር ነህ? በድምፅህ ነው ያወቅሁህ።»

«ነኝ አያ ሞላ። ነገ ስብሰባ አለ፤ ቤተሰቡ ሁሉ እንዲገኝ ልናገር ብዬ ነው።» ታንከሩን አየ፤ እንግዶቹን አየ፤ ኢንጂነሩ ከፋብሪካ መሆኑን ነገረው፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ዞረ። «በሉ ደህና ዋሉ፣ ብዙ ቤት ይቀረኛል።»

እግሩ ወደ በሩ ሲሄድ አየሁ። ተረፍን አልሁ። ያን ጊዜ ሞላ ከበርጩማው ብድግ ብሎ «ኧረ አፈር ስሆን! ደጄ ድረስ መጥተህ ሳትቀምስማ አትሄድም!» አለ።

ይህን ያለው አስቦ አይደለም። አባቱም አያቱም እንግዳ ከደጃቸው ሲመለስ እንዲህ ሲሉ ነው ያደገው፤ እንግዳ ሲወጣ ከሰማ አፉ ራሱ ይናገራል። ኢንጂነሩ አፉን ከፍቶ አየው። እኔ መሬቱ ቢከፈት ገብቼ ነበር። ሞላም ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ነገሩ የገባው። ነገር ግን አፈር ስሆን ያለ ሰው ቃሉን አይመልስም፤ የተባለውም ጥሎ ቢሄድ ነውር ነው።

«እንግዲህ አፈር ስሆን ካሉኝ ምን አደርጋለሁ» አለ ጓድ ይመር። ሌላ መቀመጫ አልነበረም፤ ግንድ ስቦ ተቀመጠና ጀርባውን ታንከሩ ላይ ደገፈ።

«ይሄ ነገር ይሞቃል እኮ!»

«አሁን ስበይደው ነበር» አለ ሞላ።

«አንቱ?» ሳቀ ሊቀመንበሩ። «አያ ሞላ፣ ባለፈው ገበያ የጨው ነጋዴዋን አህያ ‹ጓድ፣ እንደምን ዋልህ› አሉት ሲባል ሰምቼ የለም እንዴ!»

«ከብዙ ጓዶች ይልቅ በጨዋ መለሰልኝ።»

ሁሉም ሳቀ። ታደለ ከሚገባው በላይ ሳቀ። እኔ ወደ ቤት ገባሁ። ትንሽ ባቀርብ ነውር ነው፤ ብዙ ባቀርብ ይቆያል። ሽሮውን ቀንሼ ጨመርሁ፣ ጨምሬ ቀነስሁ። ጠላውን ይዤ ስወጣ ከታንከሩ ጀርባ ቀጭን ጢስ ሲነሣ አየሁ፤ ነጠላዬን ዘርግቼ በዚያ በኩል ቆምሁ። ልጄ እዚያ ውስጥ፣ በሙቀቱና በጢሱ፣ ከሊቀመንበሩ ጀርባ በአንዲት ብረት ብቻ ተለይቶ ተቀምጧል። ሰውየው ይበላል። «እጅሽ ይባረክ እታለም» ይለኛል። «ይብሉ» እላለሁ። ሞላ ደግሞ፣ አሁን ዝም ቢል የሚያስጠረጥር መስሎት፣ «ጨምሪለት እንጂ ብርቄ!» ይላል። ጨመርሁለት።

ከዚያ ሳሉ መጣ። መጀመሪያ የታፈነ ነበር፤ ብረቱ ግን አጉልቶ መለሰው። ሁለተኛው አልታፈነም። ጥሩዬ ቀሚሴን ያዘች። ጓድ ይመር የጎረሰውን ዋጠ፤ ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ዘወር ሳይል ታንከሩን በጣቱ ቀስ አድርጎ አንኳኳው።

«ደሳለኝ፣ ውጣ ልጄ። ታፍነህ ትሞታለህ።»

ደሳለኝ ወጣ። ፊቱ ጥላሸት ለብሷል፣ ዓይኑ ያነባል። ኢንጂነሩ ቶሎ ብሎ «የፋብሪካው ሠራተኛ ነው» አለ።

«ወረቀቱን አሳየኛ።»

«ሥራው ሲያልቅ ነው የሚጻፍለት።»

«እንግዲያው ገና ነዋ።» ጓድ ይመር ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ልጄ ቀን ካየ ስለቆየ ከጥላሸቱ ሥር ነጥቶ ነበር። «ይጨርስ» አለ። «የጀመረውን ይጨርስ።»

ሞተሩ ተነሣ። ሊቀመንበሩ ብዙ ቤት ይቀረኛል ያለውን ረስቶ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ታንከሩ ከተበየደና ከቀዘቀዘ በኋላ ውኃ ተሞላ። ጓድ ይመር ራሱ መዳፉን በስንጥቁ ቦታ ላይ አሳለፈና እጁን አየ፤ ደረቅ ነበር። ኢንጂነሩ «እኔ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ብየዳ አላየሁም» ብሎ ልጁን አቀፈው። እኔ ደስታ ነው ብዬ ነበር። የልጄን ነገር የጨረሰው ያ ቃል ነው።

ጓድ ይመር ወደ ጥዱ ሥር ጠራን። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

«እታለም፣ አሁን አይቼዋለሁ። አላየሁም ማለት አልችልም፤ ይህ ሾፌር አይቷል፣ ጎረቤትም በአጥሩ በኩል አይቷል። ከቀበሌያችን ለዘመቻ የሚጠበቀው ሰው ገና አልሞላም፤ እሱን ብተው የእኔን ወንድም ነው የሚወስዱት። ግን በባሕር ዳርቻ ጨው የሚበላውን ብረት የሚበይድ ሰው ካለ ላኩ ተብለናል። ጠመንጃ ይዞ ከሚሄድ ይህን ይዞ ይሂድ። ወርክሾፕ ውስጥ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይተርፋል። እኔ የማደርግልሽ ይሄን ብቻ ነው።»

ኢንጂነሩ ተከራከረ። ነገ ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ አለ። «ነገ ስብሰባ ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «ስሙ የሚነበበው ነገ ነው።»

እኔ ጎንበስ ብዬ የጓድ ይመርን ጉልበት ሳምሁ። ሌላ ምን ይደረጋል? እምቢ ብንል ጠመንጃው አለ፤ እሺ ብንል ባሕሩ አለ። ደሳለኝ ነው አንሥቶ ያቆመኝ።

«እማ፣ ተይ። ከጎታ ጀርባ ስንት ዘመን ልኖር ነው? እዚያ ቢያንስ ሰማይ አያለሁ።»

ሲሄድ የአባቱን ካኪ ጃኬት ለበሰ፤ ትከሻው ላይ ይጠበው ነበር። ከፓኬቱ የተረፈውን ኤሌክትሮድ ኢንጂነሩ ለእሱ ተወለት፤ እኔም እርጥበት እንዳይገባው በላስቲክ ጠቅልዬ ከበሶው ጋር አሰርሁለት። የጭነት መኪናው የጋፋትን አቅጣጫ ትቶ ቁልቁል ሲታጠፍ፣ የሞላ ዓይን እዚያ ድረስ ስለማይደርስ «አሁን የት ደረሰ? አሁንስ?» እያለ ይጠይቀኛል። መኪናው ከጠፋ በኋላም «ይታያል» እለው ነበር። ሞላ ከዚያ ወዲያ በሕይወቱ አንድ እንግዳ እንኳ አፈር ስሆን ብሎ አልያዘም። ሰው «ልሂድ» ሲለው «እሺ፣ ደህና ሂድ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ዘመድ ቅር አለው፤ ሞላ ንፉግ ሆነ ተባለ። እኔ በዚያ ነገር አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገርሁትም፤ እሱ ግን እንድናገረው የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። እንደጠበቀ ሞተ።

ወሬ የሰማሁት አንድ ጊዜ ነው። ከአስመራ የተመለሰ አንድ ሾፌር ምጽዋ ላይ አየሁት አለ፤ ጢም አውጥቷል፣ ጠቁሯል፣ ውኃ በሚያፈሉበት ቦታ ይበይዳል፤ ማታ ማታ ባሕሩ ዳር ይቀመጣል። አንድ ቋጠሮ የባሕር ጨው ልኮልኛል። ጨው ለእናት ይላካል? እሱ ግን ቀልደኛ ነበር። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ወደቡ ተያዘ ተባለ፤ እኛም ከተማችን ስትያዝና ስትለቀቅ በየቤታችን ታፍነን ከረምን። መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ሠራዊት በእግሩ በከተማችን አለፈ። እንስራ ውኃ ይዤ መንገድ ዳር ቆምሁ። እያጠጣሁ «ከባሕር የመጣ አለ?» እላለሁ። አንዱ በመርከብ ወደ የመን ተሻግረዋል አለኝ፤ አንዱ በያጆቹን አሰብ ወሰዷቸው አለኝ፤ አንዱ ደግሞ ውኃውን ጠጣና ምንም ሳይለኝ እጄን ስሞኝ ሄደ። ጓድ ይመርም ያን ሰሞን ታስሮ ነበር። ስንቅ አድርሼለታለሁ፤ ምናልባት የሚያውቀው ካለ ብዬ ነው። «ይተርፋል ብዬ ነው እታለም» አለኝ፤ አለቀሰ። ወንድሙንም በኋላ ወስደውት ኖሯል።

ይህን ይጻፉት ያለኝ ተከራዬ ነው፤ ሰው ያነበዋል አለኝ። እንግዲህ ደሳለኝ ሞላ ይባላል። ረዘም ያለ፣ ጠይም ልጅ ነው፤ አሁን ሸብቶ ይሆናል። በግራ እጁ ከአውራ ጣቱ በታች የቃጠሎ ጠባሳ አለው፤ ሲሠራ በጥርሱ መካከል ያፏጫል፤ ሲቆጣ ይንተባተባል። ምጽዋ፣ አስመራ፣ አሰብ፣ የመን የነበራችሁ፣ ወይም ከእሱ ጋር የሠራችሁ ካላችሁ፣ አግብቶም ቢሆን፣ ስሙን ለውጦም ቢሆን፣ ሞቶም ቢሆን፣ የምታውቁትን ንገሩኝ።